ያልሄድንበት በረሃ

ጋሽ ደረጀ ደውለው፣ «አርቪውን ልሸጠው ነው። የአባትሽ ዕቃ ውስጡ አለ፤ መጥተሽ ውሰጂ» አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከስማይርና ተነስቼ ፒችትሪ ኮርነርስ ወዳለው ጋራዣቸው ስነዳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያናደደኝ ትራፊኩ ብቻ ነበር። ዕቃ ተቀብዬ እመለሳለሁ፤ በቃ። ጓሮ ወስደው በሩን ሲከፍቱልኝ ግን ሽታው ተቀበለኝ። ፀሐይ የመታው ምንጣፍ፣ የቆየ የፕሮፔን ጋዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የነጩ የመጠጥ ውሃ ጎማ ሽታ። ከሳጥኑ ገና የወጣ የላስቲክ ጫማ የሚሸተውን ዓይነት ነው። አንድ እግሬን ደረጃው ላይ አድርጌ ቆምኩ።

«ግቢ እንጂ፤ እባብ የለበትም» አሉኝ ከኋላዬ።

አርቪ መኪናም ቤትም የሆነ ነገር ነው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ሽንት ቤት አለው፣ ሆዱ ሥር ደግሞ የውሃ ታንከር አለው። ጋሽ ደረጀ ይህን አሮጌ አርቪ ከጨረታ የገዙት እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በገና ሰሞን ነው። ጣሪያው ያፈሳል፤ ሞተሩ ቶሎ አይነሳም፤ ከተነሳም ቶሎ ይሞታል። እሳቸው ሜካኒክ ናቸው። አባቴ የኤርፖርት ሻትል ሹፌር ነበር። ሁለቱ ከሱዳን ስደት ጀምሮ ያልተለያዩ ጓደኛሞች ስለነበሩ እማዬ «መንትዮቹ» ትላቸው ነበር። በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን አጣጥፈው ወንበር ላይ ያስቀምጡና መኪናው ሥር ይገባሉ። ምን እየሠሩ እንደሆነ የነገረኝ ስላልነበር ምግብ ሊሸጡበት ነው ብዬ ደመደምኩ። ትምህርት ቤት «አባቴ የታኮ መኪና ሊከፍት ነው» ብዬ አስወራሁ። ሁለት ልጆች በነጻ እንዳበላቸው ከወዲሁ ቃል አስገቡኝ።

የጥምቀት ዕለት ሌላ ነገር ተጨመረ። በቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ ቄሶቹ ውሃውን ባርከው በጎማ ይረጩናል፤ ብርድ ነው፣ ሕዝቡ ግን እየሳቀ ወደ ፊት ይጋፋል። ሰው ለቤቱ የሚቀዳው በትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። አባዬ ሦስት ሰማያዊ ጀሪካን ይዞ ቆሟል። አንዲት ሴትዮ፣ «ምነው፣ ውሃ ቆረጡባችሁ እንዴ?» ስትለው በዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀና ሦስቱንም ሞላ። እኔ የምር የተቆረጠብን መስሎኝ ቤት እንደገባን ቧንቧውን ከፍቼ አየሁ።

በዚያው ሳምንት እራት ላይ ነገሩን አወጣው። «በስፕሪንግ ብሬክ፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሳምንት፣ በአርቪው በረሃ እንሄዳለን» አለ። አሪዞና ውስጥ አንድ ናሽናል ፓርክ አለ፤ ቁልቋሉ ከቤት ይረዝማል፤ መኪና እዚያው አቁሞ ማደር ይቻላል።

«በጾሙ?» አለች እማዬ።

«ጾሙማ ይቀለናል። በረሃ ላይ በርገር የሚሸጥ የለ።»

«ሰው ከበረሃ ይወጣል፤ አንተ ፈልገህ ትገባለህ» አለችና ሳቀች። ከዚያ ጠረጴዛውን ተሻግራ እጁን ያዝ አደረገችው። ልብ ያልኩት እነሱ ሰው ፊት እጅ ለእጅ የሚያያዙ ሰዎች ስላልነበሩ ነው። እሷ ያወቀችውን ነገር እኔ አላወቅኩም። አባዬ በረሃ የሚወድ ሰው ነው ብዬ ያዝኩ። ቴሌቪዥን ላይ አሸዋ በታየ ቁጥር ተነስቶ ቻናል ይቀይር እንደነበረ ግን በደንብ አውቃለሁ። ልጅ ሁለት ነገር አብሮ ያውቃል፤ አገናኝቶ አያስብም።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ካርታ በካርታ ሆነ። ዘጠኝ ቀን ነበረን፤ ሦስቱ ለመሄጃ፣ ሦስቱ ለመቆያ፣ ሦስቱ ለመመለሻ። አላባማ፣ ሚሲሲፒ፣ ሉዊዚያና፣ ከዚያ ቴክሳስ፤ ቴክሳስ ላይ ሲደርሱ ጋሽ ደረጀ በረጅሙ ይተነፍሱና «ይቺ አታልቅም» ይላሉ። እሳቸውና አባዬ እየተቀያየሩ ሊነዱ፣ እማዬ ከምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ፈቃድ ልትወስድ ተባለ። በሶ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ ተዘረዘረ። አባዬ ግን ከውሃ ወዲያ ጉዳይ አልነበረውም። ታንከሩን ሦስት ጊዜ በሆምጣጤ አጠበው።

«አርባ ጋሎን ይይዛል» አሉ ጋሽ ደረጀ።

«አይበቃም።»

«ለአራት ሰው? ልትዋኝበት ነው እንዴ!» አለች እማዬ።

«ለእኛማ ይበቃል» አለ አባዬ፤ በማግስቱም ሌላ ሁለት ጀሪካን ገዝቶ መጣ።

ለእኛማ አለ። ቃሉን ዛሬም እሰማዋለሁ። ያኔ ግን ጆሮዬ ላይ አላረፈም። ሦስታችን ዕቃ ስንሸክፍ ውሃ የሚቆጥር አባት ማየት አሳፈረኝ፤ ሁሉ ነገር የሚያሳፍርበት ዕድሜ ላይ ነበርኩና።

አንድ እሁድ ልምምድ አደረግን። አርቪው ከጋራዡ ጓሮ ሳይወጣ፣ በረሃ ላይ እንዳለን ሆነን ዋልን። አባዬ ነጩን ጎማ ከቧንቧ ወደ ታንከሩ ቀጠለና ከውስጠኛው መታጠቢያ የወረደውን የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለእኔ ሰጠኝ። ላስቲክ ላስቲክ ይላል። «እንዴት ነው?» ሲለኝ «ጫማ ጫማ ይላል» አልኩት፤ እስኪያስለው ሳቀ። እማዬ በዚያች ጠባብ ምድጃ ሽሮ ሠራች፤ መስኮቱ በላብ ተሸፈነ። ከሹፌሩ ወንበር በላይ ያለውን አልጋ አባዬ ለእኔ መድቦት ነበር። የአበባ ጨርቅ መጋረጃ ሰፍቶ ሰቅሎበታል። ራሱ በእጁ ነው የሰፋው፤ ስፌቱ እንደ እባብ መንገድ የተጣመመ ነው። እዚያ ወጥቼ መጋረጃውን ዘግቼ የእነሱን ወሬ ስሰማ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንን መደበቅ አልችልም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ኬይላ መጣች። የክፍሌ ልጅ ናት፤ ቤታቸው ሮዝዌል ነው። የስፕሪንግ ብሬኩን ሳምንት ዴስቲን፣ ፍሎሪዳ ባሕር ዳር ቤት ተከራይተው እንደሚያሳልፉ ነገረችኝና «እማማ አንድ ጓደኛ ይዘሽ መምጣት ትችያለሽ አለችኝ፤ አንቺን መርጫለሁ» አለችኝ። ያ ሳምንት የእኛው ሳምንት ነው። ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። ከሁሉ ይልቅ ግን የጣመኝ መመረጤ ነው። የኬይላ ጓደኞች ከበረሃ የመጣ ወሬ አይሰሙም፤ አርቪ ውስጥ በሶ በላሁ ብዬ ለማን ልናገር? ለአባዬ አልነገርኩትም። «እምቢ» ይላል ብዬ አይደለም። ፊቱ ምን እንደሚሆን ስላወቅኩ ነው።

ቤታችን ውስጥ የእንግሊዝኛው ሥራ በሙሉ የእኔ ነበር። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ደብዳቤ የማነበው፣ ፎርም የምሞላው፣ በስልክ የእማዬን ስም ይዤ እሷን ሆኜ የማወራው እኔ ነኝ። እኔ ካነበብኩት እውነት ነው፤ የሚያመሳክር የለም። ስለዚህ በፓርኩ ቦታ የማስያዙም ሥራ የእኔ ሆነ። የእኛ ሳምንት የሚውልበት የሚያዝያ ወር ምዝገባ የሚከፈተው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሲሆን ቶሎ ካልተያዘ ያልቃል ተብሏል።

«ደረጀ ያስይዘው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አለች እማዬ።

«የእኔ ልጅ ያቦካችውማ ለሠርግም ይተርፋል» አለ አባዬ።

ያን ቅዳሜ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ ከጎኔ ተቀመጠ። ለኮምፒውተር ሸሚዝ መተኮስ! ሰዓቱ ሲደርስ ገጹን ከፈትኩ፤ የሚያዝያው ሰንጠረዥ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆኖ መጣ። አረንጓዴው ክፍት ቦታ ነው፤ ክፍት ቦታ ተርፏል። አባዬ ስክሪኑን ጠጋ ብሎ አየና «ቆይ መነጽሬን ላምጣ» ብሎ ተነሳ።

መነጽሩ ማቀዝቀዣው ላይ ነበር፤ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫንኩ። ሰንጠረዡ አንድ ወር ወደ ኋላ ሄደ፤ ወደ መጋቢት። መጋቢት ከጫፍ ጫፍ ቀይ ነው፤ ሁሉም ተይዟል።

«ሞልቷል» አልኩት ሲመለስ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ማለቴ፣ አንድም የለም፤ ተመልከት።»

መነጽሩን አድርጎ ተመለከተ። ጣቱን ከሰንጠረዡ በላይ፣ የወሩ ስም የተጻፈበት ላይ አሳረፈ። ጣቱ እዚያ ትንሽ ቆየና ተነሳ። «ይሁን» አለ። ራሴን ዳበስ አደረገኝና «ይሁን ልጄ፤ ለከርሞ ያድርሰን» ብሎ ሸሚዙን ሊቀይር ገባ።

ሳያነብ ቀረ ብዬ አመሰገንኩ። ያ ሰው በየወሩ የሥራ ፕሮግራሙን ማቀዝቀዣው ላይ የሚለጥፍ፣ ፈረቃውን በቀይ የሚያሰምር ሹፌር መሆኑን አላሰብኩም። ሰኞ ስለ ዴስቲን ስነግረው ማን ማን እንደሚሄድ ጠየቀኝ፤ የኬይላን አባት በስልክ በራሱ እንግሊዝኛ አነጋገረና ፈቀደልኝ። ከርሞው ሲመጣ ሌላ ከርሞ ተባለ። እኔ አድጌ ስፕሪንግ ብሬክን ከራሴ ጓደኞች ጋር ማሳለፍ ጀመርኩ፤ አርቪውም ጋሽ ደረጀ ጓሮ ቆሞ ቀረ። አባዬ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው።

ዕቃውን ልወስድ በሄድኩበት ቅዳሜ፣ እዚያው አርቪ ውስጥ፣ ጋሽ ደረጀ ትንሿ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። የአበባው መጋረጃ አሁንም ከነጠማማ ስፌቱ ተሰቅሏል። ለማንም ያልነገርኩትን ያኔ አወጣሁት።

«ጋሽ ደረጀ፣ ያን ጊዜ እኮ ቦታ ነበረ። ሞልቷል ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ማን ነገረዎት?»

«እሱ ነዋ። ያኑ ቀን እዚህ መጣ። ‹ማርችን ከፍታ አሳየችኝ› ብሎ ሳቀ። ‹እኔ እኮ ማርች የሚለውን አነባለሁ› አለኝ።»

ከእኔ ጋር ሳይሆን ከራሳቸው ጋር እንደሚያወሩ ሆነው ቀጠሉ። ሱዳን ድንበር ላይ ውሃቸው ካለቀ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። አባዬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ምላሱ አብጦ መናገር አቅቶታል። አንድ ግመል የሚነዳ ሽማግሌ አገኛቸው። ከቆዳ ስልቻው ውሃ ቀድቶ በመጀመሪያ ለራሱ ልጅ ሰጠው፤ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ልጁ ውሃውን ተቀብሎ አልጠጣም፤ በትንሽ እጁ ይዞ አባዬን አጠጣው።

«አባትሽ እዚያው ተሳለ። ‹መድኃኔዓለም፣ ከዚህ ካወጣኸኝ ልጅ ወልጄ፣ ልጄን ይዤ በረሃ ወርጄ፣ በልጄ እጅ ለመንገደኛ ውሃ አጠጣለሁ› አለ። እኔ ሰምቼዋለሁ፤ ድምፅ አልነበረውም፤ ከንፈሩን አይቼ ነው የሰማሁት። ያ በረሃ አሁን የሚመለሱበት አይደለም። ቄሱን ጠየቃቸው። ‹በረሃ ሁሉ የእግዚአብሔር ነው፤ እዚሁም ቢሆን ይደርሳል› አሉት። ከዚያ ነው ይቺን ጉድ ከጨረታ ያወጣናት።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም? ቢነግረኝ እኮ…»

«ስለት ሳይከፈል አይወራም የሚል ሰው ነበር። እኔማ ‹ዋሽታሃለች፤ ይዘሃት ሂድ፤ ልጅ አይደለች እንዴ!› ብዬ ተቆጥቻለሁ። ‹በግድ የመጣ እጅ ስለት አይከፍልም› አለኝ። ‹ራሷ እንሂድ ስትል እንሄዳለን› አለኝ። ዝም ብሎ ጠበቀሻ።»

ከአልጋው ሥር ጎተት አድርገው አንድ ሰማያዊ ጀሪካን አወጡ፤ ሙሉ ነው። «ይሄ ነው ዕቃው። በየጥምቀቱ ውሃውን ደፍቶ በአዲስ ይቀይረው ነበር። ‹አንድ ቀን እንሂድ ትል ይሆናል› እያለ። የመጨረሻውን ደፍቼ ልቀይረው ብል እጄ እምቢ አለኝ።»

እኔ ጥፋቴን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጉዞ አበላሸሁ፣ አባቴን አንድ ጊዜ ዋሸሁ ብዬ ነበር የምጸጸተው፤ ያን ያህሉን ተሸክሜ መኖር ለምጃለሁ። አንድ ቃል ከአፌ ሲጠብቅ እንደኖረ ግን አላውቅም ነበር። ያን ያህል ዓመት በየእሁዱ ቤቱ ሄጄ እበላ ነበር። «አባዬ፣ ያ በረሃ እንዴት ሆነ?» ማለት ምን ይከብዳል? የጀሪካኑን እጀታ ስይዘው ክብደቱን አወቅኩት። ከዚህ በፊት ይዤው ነበርና።

ወደ ዴስቲን የሄድኩ ቀን አባዬ ራሱ ሮዝዌል ድረስ አደረሰኝ። ሻንጣዬን ካወረደ በኋላ ከኋላ ወንበር ይህንኑ ጀሪካን አውጥቶ አጠገቤ አቆመው። «ለመንገድ ነው። የተጠማ ሰው ከገጠማችሁ ስጪው። አንቺ ስጪው፤ በእጅሽ» አለኝ። የኬይላ እናት በረዶ የሞላ ሳጥን ሙሉ የታሸገ ውሃ መኪናው ላይ እየጫነች ነበር። ፊቴ ነደደ። «እሺ፣ እሺ፣ ሂድ በቃ» አልኩት። የአባዬ መኪና ጥጉን እንደታጠፈ ጀሪካኑን በሁለት እጄ እየጎተትኩ ወስጄ ከእነ ኬይላ ቤት ጋራዥ ጎን ካለው የቆሻሻ በርሜል ጀርባ ደበቅኩት።

ወደ ዴስቲን ስንሄድ፣ አላባማ ውስጥ፣ አንድ ሽማግሌ ሰውዬ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ፣ ኮፍያውን እያውለበለበ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ነበር። ሞተሩ ይጨሳል። «ፖሊስ ይደርስለታል» አለ የኬይላ አባት፤ አለፍነው። ዞሬ በኋላ መስኮት እስኪጠፋ አየሁት።

ከሳምንት በኋላ አባዬ ሊወስደኝ መጣ። ሻንጣዬን ሲያነሳ ከበርሜሉ ጀርባ ሰማያዊው ነገር ታየው። ሄደና በአንድ እጁ አነሳው። ሙሉ መሆኑን ሲያነሳው አውቋል።

«የተጠማ ሰው አልገጠማችሁም?» አለኝ።

«አልገጠመንም» አልኩት።

«እሰይ» አለ። «እንኳን ማንም አልተጠማ።»

ጀሪካኑን ከኋላ ወንበር አስቀመጠና እንዳይወድቅ ቀበቶ አሰረለት። እኔ ከፊት ገባሁ፤ ገና ከመንገዱ ሳንወጣ ስለ ባሕሩ እነግረው ጀመር፤ እሱም ቤት እስክንደርስ «እ? ከዚያስ?» እያለ ሰማኝ።